ይበቃል የሚለው ማነው?

ባለፈው የካቲት አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው ጅማ ወዳለችው ጠባብ የጥገና ቤቴ ገቡ። የመጡት ከአጋሮ ወዲያ፣ ከጎማ ወረዳ ገጠር ነው። ወንበር ሳቀርብላቸው መጀመሪያ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደላደሉ፤ ከዚያ በኦሮምኛ፣ “ልጄ፣ ለዚህች ልጅ ኮምፒውተር ልገዛላት ነው። ካርድ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?” አሉኝ።

ካርድ የሚለውን ቃል የሰሙት ከልጃቸው ነው። ልጅቷ ፍሬሽማን ናት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለ ላፕቶፕ፣ በስልኳና በጓደኞቿ ደግነት ጨርሳለች። ዲፓርትመንት ገና አልደረሳትም። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ እንደተከለች፣ “የሌለው ይበቃኛል” አለች። እናትየው ደግሞ ከአፏ ነጥቀው፣ “አይሆንም! ትልቁን ነው የምገዛላት” አሉ።

ይሄ ጥያቄ ለኔ አዲስ አይደለም። በቀን ሦስት አራት ሰው ይጠይቀኛል፤ በቴሌግራም የሚጽፍልኝን ሳልቆጥር። ያን ቀን ግን መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምክንያቱም እዚያች ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች አንዳችንም ስለ ዕቃው እያሰብን አልነበረም። ልጅቷ “ይበቃኛል” ያለችው ለእናቷ አዝና ነው። እናትየው “ትልቁን” ያሉት ልጃቸው ከሰው እንዳታንስ ብለው ነው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የሚከፍለኝ ኮሚሽን ዕቃው በተወደደ ቁጥር ከፍ ይላል። አንዷ ስለ እናቷ፣ አንዷ ስለ ልጃቸው፣ አንዱ ስለ ኪሱ። ታዲያ ልጅቷ የምትሠራበትን ዕቃ የመረጠላት ማን ሊሆን ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው ዕድሜ ላይ ቁጭ ብለን፣ “ይሄ ይበቃሃል” ወይም “ይሄ አይበቃህም” ለማለት ሥልጣኑን ከየት ነው ያመጣነው?

*

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው፤ ሳያውቁ መፍረድ የለምና። ስክሪኑ ላይ የምናየውን ሁሉ፣ ፊደሉንም ፊልሙንም፣ የሚስለው የኮምፒውተሩ ክፍል ግራፊክስ ይባላል። ላፕቶፕ ላይ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር በአንድ ቺፕ ላይ አብሮ የተሠራው ነው፤ ኢንተግሬትድ ይሉታል። የራሱ ማስታወሻ የለውም፤ ከኮምፒውተሩ ራም እየተካፈለ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ለብቻው የተቀመጠ፣ የራሱ ማስታወሻ ያለው ቺፕ ነው፤ ዴዲኬትድ ይባላል፤ የኛ ሰው ባጭሩ “ካርድ” ይለዋል። የመጀመሪያው ከወላጆቹ ጋር ከአንድ ገበታ የሚበላ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ጎጆ የወጣ።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ግን ይሄን ነው፤ ካርድ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አለው። ጽሑፍ ስንጽፍ፣ ኢንተርኔት ስናይ የሚሠራው ኢንተግሬትዱ ነው፤ ካርዱ ተኝቷል። ከባድ ሥራ ሲመጣ ይቀሰቀሳል። ኤንቪዲያ ይህን አሠራር ኦፕቲመስ በሚል ስም ያወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ምርጫው በዚህና በዚያ መካከል አይደለም። “አንዱ ብቻውን ይሥራ ወይስ ለከባድ ቀን የሚጠራ ሁለተኛ ይጨመርለት?” ነው ጥያቄው። እንዲህ ሲቀመጥ ነገሩ መልኩን ይለውጣል፤ ስለ መብለጥና ማነስ መሆኑ ይቀርና ስለ ከባዱ ቀን ይሆናል። ያ ቀን ይመጣል ወይ? ስንት ጊዜ ይመጣል? እስኪመጣ የተኛውን የሚቀልበውስ ማነው?

ቀለቡ ቀላል አይደለም። ዋጋው አለ። ክብደቱ አለ። ጡብ የሚያህለው ቻርጀር አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራቱ አለ። አርቲኤክስ 3050 የሚባለውን የላፕቶፕ ካርድ ብንወስድ፣ እንደየላፕቶፑ አሠራር ከ35 እስከ 80 ዋት ይጎትታል። ስሙ አንድ ሆኖ ጉልበቱ የተለያየ መሆኑን ልብ በሉ፤ ማስታወቂያ ላይ ስሙ ብቻ ነው የሚጻፈው። አሁን 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አስቡ። ላፕቶፑ በቀላል ሥራ 8 ዋት ያህል ቢበላ ስድስት ሰዓት ይዘልቃል። ካርዱ ነቅቶ ብቻውን 50 ዋት ቢጎትት አንድ ሰዓት አይሞላም። ይህ እንዳይሆን ነው ብዙ ላፕቶፖች ከሶኬት ሲነቀሉ የካርዱን ጉልበት የሚቀንሱት። እንግዲህ በውድ የተገዛው ጉልበት የሚገኘው ሶኬት አጠገብ ብቻ ነው ማለት ነው። መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ከተማ፣ አንድ ሶኬት ለስድስት ተማሪ በሚዳረስበት ዶርም፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገበያውም ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። “8 ጂቢ ግራፊክስ አለው” የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። ከፍታችሁ ስታዩት ካርድ የሚባል የለውም። ዊንዶውስ ከራሙ ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ለግራፊክስ ሊያካፍል እንደሚችል ይጽፋል፤ ራሙ 16 ከሆነ 8 ይላል። ሻጩ ያን ቁጥር ነው ያነበበው። ዋሸ እንዳትሉት ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ አለ፤ እውነት ተናገረ እንዳትሉት ገዢው የሰማው ሌላ ነው። በተቃራኒው ደግሞ “ካርድ አለው” ተብሎ በኩራት የሚሸጥ፣ ኤምኤክስ የሚል ስም የያዘ ትንሽ ካርድ አለ። ኢንቴል በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይሪስ ኤክስኢ የተባለ ኢንተግሬትድ ከነዚህ ከብዙዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለካካል። ይሄው አይሪስ ራሱ ግን ላፕቶፑ ላይ አንድ ራም ብቻ ከተሰካ ጉልበቱ ይወርዳል፤ የራሙ መንገድ ሁለት መሆኑ ይቀርና አንድ ይሆንበታል። ሁለተኛ ራም መሰካት ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ይህን ለገዢ የሚነግር ስንቱ ነው? እኔስ ለስንቱ ነገርኩ?

*

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ከሊሙ መጡ፤ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ምን እንደምታጠና አላወቁም፤ እሷም አታውቅም። እኔም አላወቅኩም፤ ግን ያላወቅኩ መምሰል አልፈለግኩም። “ለማንኛውም ካርድ ያለው ይሻላል፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም” አልኩ። አባትየው አመኑኝ። ልጅቷ አካውንቲንግ ደረሳት። ከሦስት ዓመት በኋላ ላፕቶፑን ለጥገና ይዛልኝ መጣች፤ ባትሪው ሞቷል። ካርዱ ምን እንደጠቀማት ስጠይቃት ግራ ተጋባች፤ ካርድ እንዳለው ራሱ አታውቅም። የምታውቀው መክበዱን ነው። “ላይብረሪ ይዤው ስሄድ ትከሻዬን ይገድለኛል ጋሼ፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዶርም ነው የሚውለው” አለችኝ። አባቷ ያን ዓመት ቡናቸውን ገና ዛፉ ላይ ሳለ በቅናሽ ለነጋዴ ሸጠው እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ከእሷው አፍ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይሄ ነው። ብድሩን ያስገባኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ ኮሚሽኔንም ተቀብያለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ተወለደ። በዚያ ነገር ከተቃጠልኩ በኋላ ቆጣቢ መካሪ ሆንኩ። ከሰቃ አንድ ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ጋር መጣ። ወንድምየው በቀን ሥራ ነው የሚያስተምረው። ልጁ ማስታወቂያ ላይ ያየውን ባለ ካርድ ላፕቶፕ በስልኩ አሳየኝ። “ተወው፤ ለአንተ ይሄ ይበቃሃል” ብዬ ባለ 8 ጂቢ፣ ኢንተግሬትድ ብቻ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ አቀረብኩለት። ወንድምየው ደስ አለው፤ ልጁ ዝም አለ። ከዓመት በኋላ ልጁ አርክቴክቸር ደረሰው።

አርክቴክቸር ማለት ከነዚያ ከባድ ቀኖች ጋር መኖር ማለት ነው። አውቶካድ ላይ የሚሠራው ጠፍጣፋ ሥዕል ችግር የለውም፤ ኢንተግሬትድ ይችለዋል። ግን ሕንጻውን በብርሃን፣ በጥላ፣ በዛፍና በሰው አስመስሎ የሚያወጣው ሬንደር፣ እንደ ሉሚዮን ባሉ ሶፍትዌሮች ሲሠራ፣ ያለ ካርድ የሚሆን አይደለም። ልጁ የጓደኞቹን ላፕቶፕ የሚያገኘው እነሱ ሲተኙ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። አንድ ሌሊት ደወለልኝ፤ “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሌላ ዘዴ የለውም?” የለውም አልኩት። “ችግር የለም” ብሎ ዘጋው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሁለቱን ጥፋት ልዩነት ለራሴ ለማስረዳት ሞከርኩ። በመጀመሪያው ገንዘብ ነው ያባከንኩት፤ ከባድ ገንዘብ፣ የሰው ላብ። ቢሆንም ልጅቷ የምትፈልገውን ከመሥራት አላገድኳትም። በሁለተኛው ገንዘብ አተረፍኩ፤ ልጁን ግን ሌሊት አስነቃሁት። ይሄም ብቻ ቢሆን የስሌት ስሕተት ነው፤ ዲፓርትመንቱን አስቀድሞ ማን ያውቃል? ያልተወኝ ሌላ ነገር ነው። “ለአንተ” ያልኩት ቃል። ፍላጎቱን አልጠየቅኩም። ውጤቱን አልጠየቅኩም። ያን ቃል ያልኩት ጫማውን አይቼ ነው።

*

ጫማ አይቶ “ይበቃሃል” ማለት ጅማ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡናችን ራሱ ሲባል የኖረው ነው። በዓለም ገበያ የአካባቢያችን ስም ለረጅም ጊዜ የተያያዘው “ጅማ 5” ከሚባለው ደረጃ ጋር ነው፤ በፀሐይ የደረቀ፣ በርካሽ የሚሄድ፣ ከሌላ ቡና ጋር ተቀላቅሎ ስሙ የሚጠፋ። የይርጋጨፌ ቡና በስሙ ሲጠራ፣ የጅማው በቁጥር ይጠራ ነበር። ገዢውም፣ አንዳንዴ አምራቹም፣ “የዚህ አገር ቡና እንዲህ ነው” ብሎ ተቀብሎት ኖሯል።

ከዚያ በ2010 እ.ኤ.አ. በጎማ ወረዳ ያሉ ገበሬዎች ዱሮሚና የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት ድጋፍና በብድር የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ተከሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው ነው። አፈሩ ያው ነው። ገበሬውም ያው ነው። የተለወጠው ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን የሚፈለፈልበት መሣሪያ መኖሩና አሠራሩ ነው። እንግዲህ “የዚህ አገር ቡና እንዲህ ነው” ሲባል የኖረው ስለ ቡናው አልነበረም፤ ስለ መሣሪያው ነበር። መሣሪያ ያልተሰጠውን ሰው አቅም የለውም ማለት ቀላል ነው፤ ማስረጃው ሁልጊዜ በእጃችን ነው፤ ይኸው አልሠራም እንላለን።

እዚህ ላይ ብቆም መልሱ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ለሁሉም ካርድ ይገዛ! ግን የዱሮሚና ታሪክ ሌላ ግማሽ አለው። ያን መፈልፈያ አንድ ገበሬ ብቻውን ቢገዛው ኖሮ ይከስር ነበር። ቢበዛ ሦስት ወር ሠርቶ የቀረውን ዓመት ተሸፍኖ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ያዋጣቸው የብዙ ሰው እሸት ስለገባበትና የእረፍት ወራቱ ዕዳ በብዙ ትከሻ ላይ ስለተከፋፈለ ነው። ለከባዱ ቀን መዘጋጀት ተገቢ ነው፤ የተኛውን ጉልበት ብቻ መቀለብ ግን የሀብታም ነገር ነው።

ይሄን ነገር በፍልስፍና መንገድ የሄዱበት ሰዎች አሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን፣ ሰዎችን በያዙት ዕቃ አትለኩ፣ በዕቃው መሥራት በሚችሉት ነገር ለኩ ይላል፤ ምሳሌው ብስክሌት ነው፤ መንዳት ለማይችል ሰው ብስክሌት ብረት ነው። የሊሙዋ ልጅ ካርድ ብረት ነበር። ግን ሴን ሌላም ያነሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተቸገረ ሰው ምኞቱን ራሱ እንደ ችግሩ ልክ ያሳጥራል። ስለዚህ ድሃ “ይበቃኛል” ሲል ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ መሄድ ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም። ይሄ ነው ያን የካቲት ቀን አፌን የያዘኝ። ለሰው መወሰን ነውር ነው ብዬ “እሺ፣ ራስሽ ይበቃኛል ብለሻል” ብላት፣ ያከበርኩት የእሷን ምርጫ ነው ወይስ የእናቷን ቦርሳ ያየችበትን ዓይን?

*

መውጫውን ያገኙት እናትየው ናቸው። እኔ ስለ ፕሮሰሰር መናገር ስጀምር እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

“ይሄ ካርድ የምትለው በዓመት ስንት ቀን ነው የሚሠራው?”

በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ገዢ የለም። ሰው “ስንት ጂቢ ነው” ይላል፤ “ጌም ይችላል” ይላል።

“እንዴት አዴ?” አልኳቸው።

“የማኅበራችን መፈልፈያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሠራል። ከዚያ ይታጠብና ይሸፈናል። ገንዘብ ስናዋጣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት ይሄን ነው፤ ስንት ቀን ይሠራል፣ ስንት ቀን ይተኛል፣ ሲተኛ ማን ይከፍላል። አሁንም እሱን ንገረኝ።”

ነገርኳቸው። ሕክምና፣ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ግብርና ከሆነ ምናልባት አንድም ቀን ላይነቃ ይችላል አልኩ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ከሆነ ጥቂት ሳምንት፤ ያንንም ያለሱ መወጣት ይቻላል። ሶፍትዌር ከሆነ ዞሮ ዞሮ ራም ይበልጥበታል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገር ካማራት ግን ካርድ ይፈልጋል፤ ለመማር ያህል ጎግል ኮላብ ላይ በኢንተርኔት ካርድ መዋስ አለ፣ ኢንተርኔቱ ካለ። አርክቴክቸር ከሆነ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየሴሚስተሩ፤ የፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ ሌት ተቀን። ዋጋውን ስነግራቸው በልባቸው ወደ እሸት ኪሎ ሲቀይሩት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ለእኔ ብር ነው፤ ለእሳቸው ከንጋት እስከ ማታ የታጎነበሱባቸው ቀናት ናቸው።

ከዚያ ያልለመድኩትን አደረግኩ። “አዴ፣ ውዱን ቢገዙ ለእኔ የሚደርሰኝ ይበልጣል፤ ይሄንንም ይወቁ” አልኩ። ሳቁ። “ነጋዴ መሆንህን ስገባ አውቄያለሁ” አሉ። እኔ ትልቅ ኑዛዜ መስሎኝ ነበር።

የቀረው ልጅቷ ናት። “ምን ይበቃሻል?” ብዬ ብጠይቃት ያንኑ ትመልስልኛለች። ስለዚህ፣ “ምን መሥራት ነው የምትፈልጊው?” አልኳት። ዝም አለች። እናቷን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቤት መሥራት… አርክቴክቸር” አለች። ውጤቷ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሆነ እንደማታውቅ ጨመረች። እናትየው ዞረው አዩዋት። ይሄን ከልጃቸው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ውሳኔውን ያኔ ሰጡ፤ ውሳኔው ደግሞ የቡና ሰው ውሳኔ ነው። የዘንድሮን ቡና ሁሉ በእሸት አልሸጡትም፤ ከፊሉን ከነገለባው አድርቀው ጀንፈሉን ቤት አስቀምጠዋል። “አሁን ቀላሉን እንገዛለን። ጀንፈሉ ይቀመጣል። አርክቴክቸር ከደረሳት ይሸጥና ያኛው ይገዛል፤ ካልደረሳትም ጀንፈል ነው፣ አይጠፋም።” እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፤ የሚገዛው ላፕቶፕ ሁለተኛ ራም የሚሰካበት ቦታ ያለው ይሁን፣ ሁለቱም ይሰካበት። ልጅቷ መጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

*

ይህን እንደ መድኃኒት እንዳላቀርበው የሚከለክሉኝ ነገሮች አሉ። ሁለት ጊዜ መግዛት ከአንድ ጊዜ ይወደዳል። ዛሬ የተተወው ነገ በእጥፍ ሊመጣ ይችላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ “ትንሽ ልቆጥብና የተሻለውን እገዛለሁ” ብለው የነበሩ ደንበኞቼ እንዴት እንደቀሩ አይቻለሁ። እናትየው በብር ሳይሆን በጀንፈል መቆጠባቸው በዚህ በኩል ከእኔ የላቀ ብልኃት ነው፤ ቡናም ከዶላር ጋር ዘመድ ነውና። ግን ጀንፈልም ይረጥባል፣ ይሰረቃል፣ ዋጋው ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የሚያስቀምጡት ጀንፈል የሌላቸው አሉ። የሰቃው ልጅ ወንድም ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረውም። ለእንዲህ ያለው ሰው “ቆይና እይ” የሚለው ምክር ባዶ ነው። ለእነሱ የቀረው የመፈልፈያው መንገድ ይመስለኛል፤ በየግል ከመቀለብ በጋራ መቀለብ። አምስት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ዕቁብ ጥለው አንድ ባለ ካርድ ላፕቶፕ ሲገዙ አይቻለሁ። ለየራሳቸው ቀላሉን ይዘው ይዞራሉ፤ ሬንደር ሲሆን በተራ ወደ ትልቁ ይሄዳሉ። ማስረከቢያ ሲደርስ ይጣላሉ፤ ደግሞ ይታረቃሉ። ይሄ ተማሪዎች ብቻቸውን ሊሸከሙት የሚገባ ነገር ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አርክቴክቸርን የሚያስተምር ማንኛውም ተቋም ከባዱን ቀን ራሱ አምጥቶ መሣሪያውን ለቤተሰብ ከተወ፣ ትምህርቱን የከፈተው ለሁሉም ቢመስለውም ጀንፈል ላለው ብቻ ነው።

እኔ ግን ተቋም አይደለሁም። የእኔ ድርሻ ከዚያች ጠባብ ክፍል አያልፍም። ለራሴ የያዝኩት ይሄን ነው፤ ዕቃው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያስከፍል ሳልደብቅ መናገር፤ የእኔ ጥቅም የት እንዳለ መናገር፤ ከዚያ “ምን ይበቃሃል” ብሎ ከመጠየቅ በፊት “ምን መሥራት ትፈልጋለህ” ብሎ መጠየቅ። መልሱን ካወቅን በኋላም አቅም ላይፈቅድ ይችላል። ብዙ ጊዜም አይፈቅድም። ያኔ ግን ቢያንስ ምን እንደቀረ እናውቃለን፤ የቀረው ነገር ስም ይኖረዋል።

በቅርቡ ለሰቃው ልጅ ደወልኩለት። ሊመረቅ ነው። ያኔ ስላልኩት ነገር ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ጀመርኩትና ቃል አጠረኝ። እሱ ቶሎ ገባው።

“ጋሼ፣ ያኔ ሌላውን ብትነግረንም እኮ ወንድሜ መግዛት አይችልም ነበር፤ ያው ይሄንኑ ነበር የምንገዛው” አለኝ። ትንሽ ቆየና፣ “ግን ብትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር” አለ።

የጎማዋ ልጅ ምደባ እስካሁን አልወጣም። ባለፈው ሳምንት እናትየው ለገበያ ጅማ መጥተው ብቅ ብለው ነበር። ጀንፈሉስ አልኳቸው። እቤት ነው አሉ፤ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ጊዜ ፀሐይ አስመትተውታል።